ስለ ትናንሽ ልጆች የእሑድ ሽርሽር፦ ለአዲስ አበባ መናፈሻና መዝናኛ ቦታ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዲስ አበባ ከተማ የመናፈሻ፣ የሙዚየምና የመዝናኛ ቦታ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ትናንሽ ልጆችን ይዞ የሚደረግ የቀን ሽርሽር

ትናንሽ ልጆችን ይዞ የሚደረግ የቀን ሽርሽር በሰዓት የታጠረ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቀኑን በረሃብ፣ በሽንትና በእንቅልፍ ይከፋፍለዋል፤ ወላጅም የሚንቀሳቀሰው በዚያው ክፍፍል ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ቀትር ላይ ካልተኛ ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለቅሶ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ፊኛ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ነው የሚይዘው፤ «ሽንቴ መጣ» ካለ በኋላ ብዙ መታገሥ አይችልም። ጡት የሚጠባው ደግሞ ባሰኘው ሰዓት ይጠባል። በዚህ ስሌት ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የወጣ ቤተሰብ ደርሶ፣ አጫውቶና አብልቶ ለመመለስ ያለው ጊዜ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያም ላይ የመንገዱ ይቀነሳል።

ይህ ሰዓት ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ስለሚገድበው፣ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜንም ሥራ ላይ ነው። ለእሱ ያለችው እሑድ ናት። እሷም ብትሆን ባዶ አይደለችም፤ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ ከዚያ ለቅሶ መድረስ፣ አራስ መጠየቅ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የሳምንቱ ልብስ አጠባ። ለሙስሊሙ ቤተሰብ የዙህር ሰላት በሽርሽሩ መሐል ይገባል። ከዚህ ሁሉ ተርፋ ለልጆች የምትደርስ እሑድ በየሳምንቱ አትገኝም፤ በአንድ መናፈሻ በር ላይ የሚባክን ግማሽ ሰዓት ቀላል የማይሆነውም ለዚህ ነው።

መሄጃ የለም የሚለው አሮጌ አቤቱታ ዛሬ ብዙ አያስኬድም። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ወዳጅነት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በመንገድ ዳር መቀመጫ፣ ፏፏቴና መጫወቻ ጨምሯል። ከእነዚህ በፊትም ብሔረ ጽጌ፣ ሐምሌ 19፣ ፒኮክ፣ የጉለሌ እጽዋት ማዕከልና ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበሩ፤ ዛሬ ልጆቻቸውን አንበሳ ሊያሳዩ ከሚመጡት ወላጆች ብዙዎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ፎቶ የተነሡ ናቸው። የቦታው ጥያቄ በከፊል ተመልሷል። ያልተመለሰው አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ በእነዚህ ቦታዎች ሦስት ሰዓት ሳትሳቀቅ መቆየት ትችላለች ወይ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ ልጆች የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር የሚፈተነው በመጸዳጃ ቤት፣ በጥላና በቧንቧ ውኃ ነው።

ከመጓጓዣው ለመጀመር፣ አብዛኛው ቤተሰብ የሚሄደው በሚኒባስ ታክሲ ወይም በአውቶቡስ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ የሕፃን ጋሪ ሲመጣ ረዳቱ የዕቃ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ወይም ጭራሹን አይጭንም። ባለ ጋሪዎቹም ቢሆኑ ጋሪውን ቤት ትተው በማዘያ ማዘል የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእግረኛ መንገዱ በተሠራበት ሰፈር እንኳ መጨረሻው ላይ ደረጃ ይጠብቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለልጆች ራሱ አንድ ሽርሽር ነው፤ ብዙ ልጅ ከመናፈሻው ይልቅ የሚያስታውሰው ባቡሩን ነው። ነገር ግን ከፍ ወዳሉት ጣቢያዎች ልጅና ቦርሳ ተሸክሞ መውጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ በግፊያ ሰዓት ደግሞ ትንሽ ልጅ ይዞ መሳፈር አይታሰብም። እንጦጦን የመሰለ ዳገት ላይ ያለ ቦታ በእሑድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በታወቀ ሰዓት የሚመላለስ አውቶቡስ ቢኖረው፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ እዚያ ለመድረስ ኮንትራት ታክሲ መያዝ አይጠበቅበትም ነበር። ቦታው የተሠራው ለሕዝብ ከሆነ መድረሻውም አብሮ መታሰብ አለበት።

መኪና ላለው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በከተማው ሕፃንን ከፊት ወንበር በእናቱ ጭን ላይ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነው። መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲጋጭ የትኛውም ክንድ ልጅን መያዝ አይችልም፤ የትናንሽ ልጆች ቦታ የኋላ ወንበር ነው፣ በሕፃን መቀመጫ ታስረው።

ርቀት የማይጠይቀው ሽርሽር በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ የተመረጡ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ ይለቀቃሉ የሚል ሐሳብ ነው። ትኬት የለው፣ ጥበቃ የለው፣ ልጁ ብስክሌቱን ከቤቱ በር ጀምሮ እየነዳ ይወጣል። አስፋልት ላይ በጠመኔ መሣል፣ ገመድ መዝለልና ኳስ መራገጥ ለአምስት ዓመት ልጅ ከማንኛውም ባለ ትኬት መጫወቻ አያንስም። ጉድለቱ ወላጅ አስቀድሞ ሊያቅድበት አለመቻሉ ነው። የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሩብ ዓመቱ ሠሌዳ አስቀድሞ በየወረዳው ቢለጠፍ፣ በጣም ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

መናፈሻው በር ላይ የሚገጥመው የመጀመሪያው ነገር ፍተሻ ነው፣ ሁለተኛው ምሳ ዕቃው ነው። «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንደኛው ቆሻሻ፣ ሁለተኛው በውስጥ ካፌ የተከራዩ ነጋዴዎች ገቢ። ሁለቱም ከንቱ ምክንያቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ደንቡ የተጻፈው ለአዋቂ ነው። የአሥር ወር ሕፃን አጥሚት ካፌ ውስጥ አይሸጥም። በዐቢይ ጾም እሑድ ወላጆቹ የጾም ይበላሉ፣ ገና ጾም ያልጀመረው ልጃቸው ደግሞ ዕንቁላልና ወተት ይፈልጋል፤ የዚያ ቤተሰብ ምሳ ዕቃ ሁለት ዓይነት ምግብ የያዘው ለቅንጦት አይደለም። በየበሩ የሚታየው ነገር ግን ጥበቃው ፔርሙዙን ከፍቶ እያሸተተ፣ እናትየው «የልጅ ወተት ነው» እያለች፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው እየተነጫነጨ የሚደረግ ክርክር ነው። ጥበቃው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው መመሪያ ስለ ልጅ አንድ ቃል ስለማይል በራሱ እንዲፈርድ ተትቶ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በማስታወቂያው ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ነው፦ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆን ምግብ፣ ወተትና ውኃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ለቆሻሻው ደግሞ ምሳ የሚበላበት የተለየ ሣር ከልሎ ማጠራቀሚያ በርሜል ማስቀመጥ ይበቃል። የመግቢያ ክፍያ በቴሌብር ብቻ የሚቀበሉ ቦታዎችም ይህንን በር ላይ ከማስረዳት ይልቅ አስቀድመው ቢያሳውቁ፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው እያለ አይመለሱም።

የጉዳዩ እምብርት መጸዳጃ ቤት ነው፤ ሽርሽርን በአጭር የሚቀጨው እሱ ነው። ሰፊ በሆነ መናፈሻ ውስጥ አንድ መጸዳጃ ቤት በመግቢያው በኩል ተሠርቶ መጫወቻው በሌላው ጫፍ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ከዚያ አይደርስም፤ ዛፍ ሥር ይሸናል፣ ጥበቃው ይቆጣል፣ እናት ታፍራለች። ስሕተቱ ግን የልጁም የእናቱም ሳይሆን የንድፉ ነው። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዳይፐር መቀየሪያ በሌለበት መጸዳጃ ቤት እናት ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋለች፣ ነጠላዋ እርጥቡን ወለል እንዳይነካ አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ቦርሳውን የምትሰቅልበት ማንጠልጠያ ስለሌለ በጥርሷ ትይዛለች፣ በተረፈው እጇ ልጁን ታጸዳለች። ያገለገለውን ዳይፐር የምትጥልበት ባለ ክዳን ቅርጫት ከሌለ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ይዛው ትመለሳለች፤ ይህን የማታደርገዋ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ትጥለዋለች፣ በማግሥቱ መጸዳጃ ቤቱ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። በወገብ ከፍታ የተሠራና ሴራሚክ የለበሰ አንድ የሲሚንቶ መደብ፣ ልጅ እንዳይወድቅ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ከጎኑ ማንጠልጠያ፣ ከሥሩ ባለ ክዳን ቅርጫት፣ አጠገቡ የሚሠራ ቧንቧና ሳሙና። ለአራትና አምስት ዓመት ልጆች አንድ ዝቅ ያለ የሽንት ቤት መቀመጫና አንድ ዝቅ ያለ መታጠቢያ። ውኃ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ የተሞላ ጀሪካንና ጣሳ፤ ከተማው ውኃ በፈረቃ እንደሚያገኝ እየታወቀ መጠባበቂያ ሳያዘጋጁ መቅረት ሰበብ የለውም። ይህ መደብ በሴቶች ክፍል ውስጥ ብቻ መሠራት የለበትም። ሴት ልጁን ይዞ የመጣ አባት ዛሬ ሁለቱ በሮች መሐል ቆሞ ነው የሚቀረው፤ ወደ ወንዶቹ ሊያስገባት ይከብደዋል፣ ወደ ሴቶቹ መግባት አይችልም፣ በመጨረሻ የማያውቃትን ሴት ልጁን እንድታስገባለት ይለምናል። ለቤተሰብ የሚሆን አንድ የተለየ ክፍል ይህንን ይፈታል፤ አያቱን በክንዱ ደግፎ ለሚመጣም ይጠቅማል። ክፍያን በተመለከተ ወላጅ አይከራከርም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሚይዟቸው የመንገድ ዳር መጸዳጃ ቤቶች ጥቂት ብር እያስከፈሉ ንጽሕና መጠበቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። የሚያበሳጨው ከፍሎ ቆሻሻ ማግኘት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይና ብርድ ነው። አዲስ አበባ መሐሏ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ማንም አይሰማውም፤ ልጁ የተቃጠለው ማታ ሲታጠብ ነው የሚታወቀው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በቀጥታ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ የማሞቅ ልማድ እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ውስጥ መዋልን አይፈቅድም። በሌላ በኩል እንጦጦ ላይ ያለው የአየር ሙቀት ከመሐል ከተማው አምስት ዲግሪ ያህል ስለሚያንስ፣ ስታዲየም አካባቢ በቲሸርት የወጣ ልጅ እዚያ ጃኬት ይፈልጋል። ከዚህ የሚከተለው የንድፍ ጉዳይ ነው፦ አዳዲሶቹ መናፈሻዎች ሰፊ የድንጋይ ንጣፍና አበባ አላቸው፣ ዛፎቻቸው ግን ገና ልጆች ናቸው። እስኪያድጉ ድረስ መጫወቻው ላይ ቆርቆሮም ይሁን ሸራ ጥላ ያስፈልጋል። የብረት ሸርተቴ በ6 ሰዓት ፀሐይ የልጅን ጭን ያቃጥላል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ቢዞር ወይም ጥላ ሥር ቢተከል ወጪው ያው ነው። ዥዋዥዌውም ለሁለት ዓመት ልጅና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ቦታ ሲሆን ትንሹ ይረገጣል፤ የታናናሾቹን ለብቻ ማጠር፣ ከሥሩም ሲሚንቶ ሳይሆን አሸዋ ማድረግ ይገባል።

ሙዚየም ለትናንሽ ልጆች አይሆንም የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የማይሆነው የማሳያው ከፍታ ነው። መስታወቱ በአዋቂ ዓይን ልክ ሲሰቀል ልጁ የሚያየው የጠረጴዛውን እግር ነው። ቅሪተ አካሏ በብሔራዊ ሙዚየም የሚጠበቀው የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት አካባቢ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ልጅ እኩያውን ከማሳየት የበለጠ የታሪክ ትምህርት መቼም አይገኝም። በየሙዚየሙ መስታወት ሥር አንድ የእንጨት መርገጫ ማስቀመጥ ለዚህ በቂ ነው።

ከከተማ ውጭ ያለው የቀን ሽርሽር ከትናንሽ ልጆች ጋር በአንድ መንገድ ከአንድ ሰዓት ተኩል መብለጥ የለበትም። በዚህ ልክ ወንጪ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እና ላንጋኖ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዳር ይፈልጋሉ፤ በቀን ደርሶ መመለስ ልጅን መኪና ውስጥ ማዋል ነው። የሚመቹት ቢሾፍቱ፣ የመናገሻ ሱባ ጫካና መልካ ቁንጡሬ ናቸው። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን ፈጣን መንገዱ ጉዞውን አሳጥሮታል፤ ነገር ግን ፈጣን መንገድ ላይ ያለ ድንገተኛ ችግር መቆም ስለማይፈቀድ፣ ልምድ ያላቸው ወላጆች መኪና ውስጥ ፖፖ ይይዛሉ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ስለሚከበር፣ በዚያ ቀን ለሽርሽር ብቻ ወደ ቢሾፍቱ መውጣት መንገድ ላይ መዋል ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ውበት አደጋቸውንም ይዞ መጥቷል። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው በድንገት ይጠልቃል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ያውም በደቂቃዎች። ስለዚህ ውኃ ዳር ያለ ትንሽ ልጅ ከአንድ አዋቂ ክንድ ርቀት መውጣት የለበትም፤ ያ አዋቂም በተራ የሚመደብ፣ ስልክ የማይነካ ሰው መሆን አለበት። ብዙው የሐይቆች ዳርቻ በሆቴልና በሪዞርት የተያዘ ስለሆነ፣ የዋና ገንዳውን በአጥር መለየትና ሕይወት አዳኝ መመደብ የባለቤቶቹ ግዴታ እንዲሆን ማድረግ ፈቃድ ሰጪውን ክፍል ይመለከታል።

መልካ ቁንጡሬ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በትናንሽ ጎጆዎች የተከፋፈለ ሙዚየም፣ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳና የአዋሽ ወንዝ አለ። እዚህ ቦታ ተመራማሪዎች የ700,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ አግኝተዋል፤ ከአዋቂዎቹ ዱካ ጋር የልጆችም አለ፣ ምናልባትም ገና አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ጭምር፣ እንስሳት ከሚጠጡበት ትንሽ ኩሬ ዳር። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ውኃ ዳር መውጣቱ በዚህች አገር አዲስ ልማድ አይደለም ማለት ነው። በመናገሻ ሱባ ደግሞ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ በሚነገርለት የጥድና የዝግባ ጫካ፣ የአራት ዓመት ልጅ ረጅም መንገድ አያስፈልገውም፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር የምትዞር አጭር መንገድ ምልክት ተደርጎባት ቢሠራ ትበቃዋለች።

ክረምት የተለየ ችግር ነው። ትምህርት የሚዘጋው ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ነው፣ ዝናቡም ያኔ ነው። ልጆች በጣም ነፃ በሆኑበት ወቅት ሜዳው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። አብርሆትን የመሰሉ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞችና የወጣት ማእከላት በእነዚያ ሁለት ወራት እሑድ ከሰዓት በኋላም ለትናንሽ ልጆች ክፍት ቢሆኑ፣ አንድ ምንጣፍና ጥቂት የሥዕል መጻሕፍት የያዘ ክፍል ለአንድ ከሰዓት ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር መረጃ ነው። መናፈሻ በእንግዳ አቀባበል ወይም በስብሰባ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን ይኖራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው፣ ሦስት ልጅ ይዞ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የመጣ አባት «ዛሬ ዝግ ነው» የሚለውን ከጥበቃ አፍ በር ላይ መስማቱ ነው። የመዝጊያ ቀን፣ የመግቢያ ዋጋ፣ ልጅ በነፃ የሚገባበት ዕድሜ፣ የሰላት ቦታና የመጸዳጃ ቤት አቅጣጫ በአንድ ገጽ ተጽፎ ዓርብ ማታ በቴሌግራም ቢወጣ፣ ሥራው የአንድ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ነው። አዲስ መናፈሻ ሲሠራ ደግሞ የልጅ መጸዳጃ፣ የዳይፐር መደብና የመጫወቻ ጥላ ከርክክብ በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ ይግቡ፤ ያልተሠራ ከሆነ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን አይውሰድ። ላሉት ቦታዎች ከመጪው መስከረም በፊት ያለው የበጀት ዓመት መግቢያ አመቺ ጊዜ ነው፤ መደቡና ቅርጫቱ በጥገና በጀት ሊሠሩ የሚችሉ ስለሆኑ አዲስ ፕሮጀክት አይጠይቁም።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለየክፍለ ከተማው የመናፈሻና የአረንጓዴ ልማት ክፍሎች
በመናፈሻ ውስጥ ለሚሠሩ የካፌና የመጫወቻ ተከራዮች
ለመናፈሻ ጥበቃ ኃላፊዎች